ሰባ አንድ አውራ ጣት

ኢቲዳል የለውዙን ጣሳ በደንበኛዋ ፌስታል አፍ ላይ ዘንበል እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። ግማሹ ለውዝ ወርዷል፤ ግማሹ ጣሳው ውስጥ ነው። በግራ እጇ ስልኳን ይዛለች፤ ዓይኗም ልቧም እዚያ ነው።

"እናት፣ ትጨርሺልኛለሽ ወይስ በዚሁ ልሂድ?" አለ ደንበኛው።

"ትንሽ ቆይ። አንድ ቃል ቀረኝ።"

"የምን ቃል?"

"አ... ይ... ፈ..." ጣቷ ስክሪኑን ሲነካው ጽሑፉ ሽቅብ ሸሸባት። ጎትታ መለሰችው። "ተ... ኑ... ም። አይፈተኑም።"

ሰውየው ሣቀ። ጣሳውን ራሱ ከእጇ ወስዶ ፌስታሉ ውስጥ ገለበጠና ሄደ። ኢቲዳል መሄዱንም አላየች። ቃሉን ከፊቱ ካሉት ጋር ልታገጣጥመው እንደገና ከላይ ጀመረች። "የዘንድሮውን ክልላዊ ፈተና አይፈተኑም።" እነማን? ከጽሑፉ ሥር ፎቶ አለ፤ ፎቶው ውስጥ ዐሥራ ሁለት ስም ተደርድሯል፤ ዙሪያውን ቀይ አበባ ከቦታል። ሰባተኛውን ስም ለማንበብ ፊደል መቁጠር አላስፈለጋትም። ከራሷ ስም አስቀድማ መጻፍ የተማረችው ስም ነው። ዐርዋ ዐብዱልቃድር።

ጽሑፉ የወጣው ሰኞ ነው። የልጇ ክፍል፣ ስምንተኛ ለ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የከፈተው የሒሳብ አስተማሪው መምህር ቦዔዝ ነው፤ "በማኅበራዊ ቴክኖሎጂ ማስተማር" ይለዋል። ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መምህሩ አንዲት የምታበራ ጽጌረዳ ይለቃል። ጽጌረዳዋን ያየ ሁሉ የራሱን ጽጌረዳ ይለቃል። ከጽጌረዳው ቀጥሎ ምርቃት፣ ከምርቃቱ ቀጥሎ የምትጨፍር ድመት፣ ከድመቷ ቀጥሎ መምህሩ ላፕቶፕ ታቅፎ የተነሣው ፎቶ። በዚህ መሐል አንድ የሒሳብ ጥያቄ ብቅ ካለች እንደ እርጎ ዝንብ ነው የምትታየው። ይህ ሁሉ "ተሳትፎ" ይባላል፤ ነጥብም አለው። ድመት የላከ ልጅ ነጥብ ያገኛል። ሃያውን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ሠርቶ የመጣ፣ ግን ስልክ የሌለው ልጅ፣ ባዶ።

ኢቲዳል ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው ስልክ ልጅ እንደሚያበላሽ ነው። ባሏ ዐብዱልቃድር መንጌ ወረዳ ወርቅ ሲያጥብ ከርሞ የገዛላትን ስልክ ለዐርዋ ለአንድ ቀን እንኳ ሰጥታት አታውቅም። ቀን ይዛው ገበያ ትውላለች፤ ስትተኛ ትራሷ ሥር ነው። "ደብተር አለሽ፤ እሱን አንብቢ" ትላታለች። ዐርዋም ታነባለች። ከክፍሏ አራተኛ ናት።

ሰኞ ዕለት ስልኳ ጢር ሲል ከፈተችው። መምህር ቦዔዝ የተሸለሙ ልጆችን ስም በአበባ ከቦ መለጠፍ ልማዱ ነው። አበባውን አየች፤ የልጇን ስም አየች፤ ከስሙ ሥር ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን ቀስሮ አየች። ልቧ ዘለለ። እሷም አውራ ጣቷን አኖረች። ሰባ አንደኛዋ እሷ ነበረች። ከላይ ያለውን ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ትንፋሿም ፊደሏም አይበቃም ነበር፤ ግን ተወችው ማለት አይደለም። ኢቲዳል ፊደል የምትቆጥርበት የጎልማሶች ክፍል አስተማሪ ሳሚያ በዚያው ቀን "ቤታችሁ ያገኛችሁትን ጽሑፍ ገልብጡ፤ ሦስት ቀን ገልብጣችሁ ሐሙስ አንብቡልኝ" ብላ አዘዘች። ኢቲዳል ቤት ከስልኩ በቀር ጽሑፍ የለም። እሱን ገለበጠች። የልጇ ሽልማት በደብተሯ ቢቀመጥ ምን ይከፋል?

መገልበጥና ማንበብ ለየቅል ናቸው። ሦስት ቀን የፊደሉን ቅርጽ ስትስል ቆየች። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ማንበብ ጀመረች።

ለውዟን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወደ በርበሬ ተራ ሮጠች። ብዙወርቅ እዚያ ናት። ወላጆቿ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ የአንድ ልጅ እናት፣ የበርበሬ ነጋዴ፣ የጎልማሶቹ ክፍል አንደኛ ለፍላፊ ናት። ልጇ ሰራዊት ከዐርዋ ጋር ይማራል።

"ምነው አንቺዬ፣ የሚያባርርሽ አለ?"

"ሰኞ የነገርኩሽ ስም። ዐሥራ ሁለቱ። ሽልማት አይደለም።"

"ታዲያ ምን ሊሆን ነው?"

"አይፈተኑም ነው የሚለው። ዐርዋም ሰራዊትም ዘንድሮ አይፈተኑም።"

ብዙወርቅ የበርበሬውን መስፈሪያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። "ዶሮዬን!" አለች። "ልጅሽ ተሸለመ ብለሽ ዶሮ አሳረድሽኝ እኮ! የምትጥል ዶሮ! ስሙ በአበባ ተከቧል አላልሽም?"

"ተከቧል።"

"መቃብርም በአበባ ይከበባል። እስቲ ሙሉውን አንብቢው።"

ኢቲዳል ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። የለውዝ ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላዋለች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች አነበበች፤ የብዙወርቅ ሁለት ደንበኞችም በርበሬያቸውን ትተው አብረው አዳመጡ።

"የተከበራችሁ ወላጆች፦ በማኅበራዊ ቴክኖሎጂ የታገዘውን ትምህርታችንን ውጤታማ ለማድረግ፣ በግሩፑ ላይ ተሳትፏቸው ዝቅተኛ የሆነ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች የዘንድሮውን ክልላዊ ፈተና አይፈተኑም። በሚቀጥለው ዓመት በተሻለ ዝግጅት ይቀርባሉ። አውራ ጣት ያደረገ ወላጅ እንደተስማማ ይቆጠራል። ዝም ያለም እንደተስማማ ይቆጠራል። ምዝገባው ሐሙስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።"

"ዝም ያለም?" አለች ብዙወርቅ። "እኔ ስልክ የለኝም። ዝም ማለቴን በምን አወቁ?"

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አለች ኢቲዳል።

ብዙወርቅ በርበሬዋን በጆንያ ሸፈነች። "ባጃጅ!"

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ስምንተኛ ለ ትምህርት ላይ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ጥቁር ሰሌዳው የለም፤ ማለት አለ፣ ግን "እንኳን ወደ ሞዴል ዲጂታል ክፍላችን በደህና መጡ" የሚል ትልቅ ባነር ጋርዶታል። ስድሳ ልጅ በስድስት ስልክ ዙሪያ ተከምሯል። በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ዐሥር ጭንቅላት ይጋጫል። ስልኮቹ ላይ ያለው የሒሳብ መጽሐፉ ገጽ አርባ ሦስት ፎቶ ነው። መጽሐፉ ራሱ ጥግ ላይ ተቆልሎ አቧራ ይጠጣል። መምህሩ ከመጽሐፉ ፎቶ አንሥቶ ግሩፑ ላይ ለቋል፤ ልጆቹ ዓይናቸውን እያጨናበሱ ከግሩፑ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ።

"እይልኝ" አለች ብዙወርቅ። "ወንዝ ዳር ለቆመ ሰው ከከተማ በባጃጅ ውኃ ማምጣት ይሉሻል ይሄ ነው። ምን ነበር መጽሐፉን ቢያድላቸው?"

ዐርዋ የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ነበረች። የማንም ስልክ ላይ አልተከመረችም። መጽሐፉን ከጥጉ ወስዳ ጭኗ ላይ ገልጣ ትሠራለች። እናቷን በመስኮቱ ስታይ ፊቷ ጠቆረ፤ ቀስ ብላ ወጣች።

በበርታኛ ነበር የተነጋገሩት።

"ታውቂ ነበር?" አለቻት እናቷ።

"ሰኞ ነው የነገሩኝ።"

"ሦስት ቀን! ለምን አልነገርሽኝም?"

ዐርዋ መሬቱን በእግሯ ጫረች። "ስምሽን አሳዩኝ። ኢቲዳል የሚለውን፣ ከጎኑ አውራ ጣት። 'እናትሽ ፈቅዳለች' አሉኝ። ስልኩንም የማትሰጪኝ ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። ትምህርቱን ትተሽ ከኔ ጋር ለውዝ ሽጪ ልትዪኝ ነው ብዬ..."

"ወላሂ..." አለች ኢቲዳል። ልጇ ሦስት ቀን ሙሉ ከእሷ ጋር አንድ ሳህን ስትበላ፣ ውኃ ስትቀዳላት፣ ደብተሯ ላይ "'ለ' እግሩ እኩል ይሁን" እያለች ስታርማት ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ ነበር። እናቷ የገለበጠችውን ጽሑፍ ዐርዋ ታውቀዋለች። እያወቀች ነው የፊደሉን እግር ያስተካከለችላት።

መምህር ቦዔዝ ወጣ። ቀጭን ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ የመታወቂያ ክር፣ አንድ ጆሮው ላይ ገመድ የሌለው ማዳመጫ አለ። አውልቆት አያውቅም ይባላል፤ ከማን ጋር እንደሚያወራም አይታወቅም።

"እማማ፣ ክፍል እየረበሻችሁ ነው። ጥያቄ ካለ ግሩፑ ላይ ነው የሚቀርበው።"

"ግሩፑ ላይ ድመት ነው ያለው" አለች ኢቲዳል። በአማርኛ ስትቆጣ ሴቱና ወንዱ ይደባለቅባታል። "ልጄ ምን አጠፋ? ዐርዋ ለምን አይፈተንም?"

"ምንም አላጠፋችም። ተሳትፎዋ ዝቅተኛ ነው። ክፍላችን ሞዴል ሆኖ ተመርጧል፤ በሚቀጥለው ወር ተሞክሯችንን አቀርባለሁ። ዘጠና አምስት በመቶ ተሳትፎ፣ መቶ በመቶ ማለፍ። እነዚህ ዐሥራ ሁለቱ ቁጥሩን ያወርዱታል። አንድ ዓመት ምን አላት?"

"አራተኛ ነው የወጣው።"

"በወረቀት!" አለ መምህሩ፣ 'በሕልሙ' ያለችው ይመስል እየሣቀ።

ብዙወርቅ ገባችበት። "ፈተናውስ በምንድን ነው የሚሰጠው የኔ ጌታ? በድመት?"

መምህሩ ስልኩን አወጣና ለኢቲዳል አሳያት። "ይኸው። ስምሽ ይኸው፤ አውራ ጣትሽ ይኸው። ተስማምተሻል። እናትም አባትም፣ ሰባ አንድ ወላጅ ተስማምቷል። እኔ ብቻዬን አልወሰንኩም።"

ኢቲዳል ያን ትንሽ ቢጫ ጣት አየችው። አወቀችው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ደላላ ቤቷ መጥቶ "እዚህ ጋ ጣትሽን ብቻ" ብሏት ነበር። ቀለሙን ነክራ ወረቀቱ ላይ ጫነች። የጓሮዋን አራት ማንጎ በፈቃዷ መልቀቋን የሚገልጽ ወረቀት እንደ ነበር የገባት መጥረቢያው ሲመጣ ነው። ጎልማሶች ክፍል የተመዘገበችው በዚያ ነው። ከእንግዲህ ያላነበብኩት ነገር ላይ ጣቴን አላኖርም ብላ ምላ ነው። መሐላዋን አንዲት ቀይ አበባ አስፈታቻት።

እሷስ ፊደል ዘግይቶባት ነው። ሰባው? ግሩፑ ውስጥ ነርስ አለች፣ ሒሳብ ሹም አለ፣ ሁለት አስተማሪ አለ፣ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው አለ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የሁለቱ የራሳቸው ልጅ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነው። እነሱም ጣታቸውን አኑረዋል። "እናመሰግናለን መምህር፣ በርታልን" ብለው ጽፈዋል። ፊደል የቆጠረ አገር ሁሉ፣ ያውም ቀለም ሳይነክር፣ በጣቱ ይፈርማል።

"ስንቱ አነበበው?" አለች።

"እ?"

"ሰባ አንዱ። ስንቱ አነበበው?"

"ማንበብ የእነሱ ድርሻ ነው" አለ መምህር ቦዔዝ።

"እሺ። ይሄን ለርዕሰ መምህሩ አሳያለሁ።" ስልኳን ከፍ አደረገች።

መምህሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ የራሱን ስልክ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነካ ነካ አደረገው። ኢቲዳል እጅ ላይ ያለው ጽሑፍ እንደ ጉም ብን አለ። የቀረው የጠዋቱ ጽጌረዳና ድመቷ ብቻ ነው።

"ምን ነክቼ ነው?" ኢቲዳል ደነገጠች። ስልኩን ገለበጠችው፣ ናጠችው። "ዐርዋ፣ ምን ነካሁ? አጠፋሁት?"

"አንቺ አይደለሽም እማ" አለች ዐርዋ። "እሱ ነው ያጠፋው። የግሩፑ ባለቤት ሲያጠፋው ከሁሉም ስልክ ላይ ነው የሚጠፋው።"

"የትኛውን?" አለ መምህር ቦዔዝ። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። "እዩ፤ ግሩፑ ላይ ምንም የለም። እማማ፣ ተሳስተሽ አንብበሽ ይሆናል። ገና ፊደል እየቆጠርሽ አይደል? አይዞሽ፣ ቀስ እያለ ይገባሻል።"

ዐርዋ ልታለቅስ ደረሰች። ኢቲዳል ግን ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ከላስቲኩ ውስጥ ደብተሯን አወጣች፤ ገለጠች፤ በሁለት እጇ ለመምህሩ ዘረጋችለት።

መምህሩ መጀመሪያ ሣቀ። ፊደሎቹ ከመስመር መስመር ይንገዳገዳሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ ፍየል ተራራ ላይ ወጥተዋል። ቀጥሎ ማንበብ ጀመረ። ሣቁ በየመስመሩ እያነሰ ሄደ። ምኑንም አልተወችም። የመምህሩ ስም አለ። የወጣበት ሰዓት አለ። የዐሥራ ሁለቱ ስም ከነአባታቸው አለ። ከግርጌ አንዲት አውራ ጣት ተስላ ከጎኗ 71 ተጽፏል። የትኛው ፊደል፣ የትኛው ጌጥ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበረች ቀይ አበባዎቹን ሳይቀር አንድ በአንድ ስላለች። በየገጹ ኅዳግ ላይ ደግሞ የሳሚያ ቀይ እርማት አለ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ከነፊርማዋ። "የ'ተ' አንገት ይስተካከል" ይላል አንዱ። ሳሚያም ብትሆን የፊደሉን አንገት አየች እንጂ የልጆቹን አንገት አላየችም።

"ይሄን አጥፋው እስቲ" አለች ብዙወርቅ።

ቢሮው ውስጥ ርዕሰ መምህሩ አቶ ወንድምአገኝ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጎልማሳ ነው፤ ከማንም ጋር ሳይጣላ ጡረታ ለመውጣት የሚጠነቀቅ ሰው። መጀመሪያ "እናቴ፣ ምን ልታዘዝሽ?" ብሎ ነበር የተቀበላት። ደብተሩን ሲያጥፈው "እርስዎ" ሆነች።

"ቦዔዝ፣ ወደ ክፍልህ" አለ። መምህሩ ሲወጣ ወደ ኢቲዳል ዞረ። "ትንሽ ያለመግባባት ነው። ወጣት ነው፤ ቴክኖሎጂው ያስቸኩለዋል። የእርስዎ ልጅ ጎበዝ ናት፤ አሁኑኑ አስመዘግባታለሁ። ነገሩን ግን አናጋንነው። ደብተሩን ለእኔ ይተዉልኝ፣ በማኅደር ይቀመጣል።"

"ደብተሩ የትምህርቴ ነው" አለችና መልሳ ወሰደችው።

"ይሁን።" ለጸሐፊዋ ሹክ አላት። የግድግዳው ሰዓት ዐሥር ሰዓት ከሃያ ይላል። የጎልማሶቹ ክፍል ተጀምሯል፤ ኢቲዳል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትምህርት ቀረች። ዐርዋና ብዙወርቅ በሩ ላይ ቆመዋል።

ጸሐፊዋ አንድ ወረቀት አትማ አመጣች። ከወረቀቱ ጎን ሰማያዊውን የአሻራ ቀለም አስቀመጠች። ማንም አላዘዛትም፤ ባለ ለውዟን አየት አድርጋ ነው፣ እጇ የለመደው ነው።

"እዚህ ጋ" አለ ርዕሰ መምህሩ። "ጣትዎን ብቻ። ዐርዋ ተመዘገበች ማለት ነው።"

ኢቲዳል ቀለሙን አየችው። ክዳኑ ተከፍቷል። አውራ ጣቷ ራሱ የሚያውቀው መንገድ ነው፤ መንከር፣ መጫን፣ መሄድ። ልጇን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ከሰማይ በታች ሌላ የምትፈልገው ነገር የለም።

"ምን ይላል?"

"የምዝገባ ጥያቄ ነው። ላንብብልዎት?"

"አይ።" ማንም ሳይጋብዛት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጣቷን ከላይ አኖረች። "እ... ኔ... የ... ተማሪ... ዐርዋ..."

አቶ ወንድምአገኝ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ይመታል። ጸሐፊዋ ጥፍሯን ታያለች። ኢቲዳል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታነበው፤ ጎልማሶች ክፍል የተማረችው እንደዚያ ነው። በሩ ክፍት ነው።

"...'ልጄ በራሴ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፋ የነበረ ሲሆን...' እኔ መቼ ጠየቅሁ?"

"የአጻጻፍ ልማድ ነው። ምንም ማለት አይደለም።"

"ምንም ካልሆነ ለምን ተጻፈ?" ቀጠለች። ከመስመር መስመር ስትሻገር አንዴ ጠፋባት፤ ተመለሰች። "...'አሁን ሐሳቤን ስለቀየርኩ እንድትመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። በመምህሩም ሆነ በሌሎች ተማሪዎች ጉዳይ... ምንም ቅሬታ... የለኝም።'" ቀና አለች። "ሌሎች ማለት ሰራዊት ነው?"

"የሌሎቹን ወላጆቻቸው ይጠይቁ። ሰኞ ይምጡና እናያለን።"

"ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት አይደለም የሚዘጋው?"

ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን ገልመጥ አደረገ። መልሱ ከበሩ መጣ። ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ የዋለው የብዙወርቅ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ፈርሚ ኢቲዳል" አለች። "ፈርሚ በሞቴ። አንዷ እንኳ ትዳን። የኔስ ዶሮ በልቷል፤ ዓመቱን ይችለዋል።"

የሣቀ የለም። ኢቲዳል ጓደኛዋን አየች፤ ከዚያ ልጇን። ዐርዋ ሰዓቱን ነው የምታየው። ዐሥር ሰዓት ከሃያ ስምንት። ኢቲዳል ሰዓቱንም ወረቀቱንም አየች። ብታዘገይና ቢዘጋስ? አንድ ዓመት ቢጠፋስ? ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ዘመድ "ትዳር መጥቷል" ለማለት አንድ ዓመት አይበቃውም? ይህን እያሰበች ሳለ እጇ ወደ ቀለሙ ሄደ።

ክዳኑን ከደነችው። በአንድ ጣት ገፍታ ወደ ጸሐፊዋ መለሰችው።

ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን አወጣች። አዲስ ገጽ ገለጠች። የእርሳሷን ጫፍ በጥርሷ ላጠችው።

"ምን ሊያደርጉ ነው?" አለ አቶ ወንድምአገኝ።

"መጀመሪያ እገለብጣለሁ።"

"ምኑን?"

"ይሄን። የእናንተ ጽሑፍ ይጠፋል። የኔ አይጠፋም።"

"ከዚያስ ይፈርማሉ?"

"የዐሥራ ሁለቱ ስም እዚህ ወረቀት ላይ ሲገባ፣ 'በራሴ ጥያቄ' የሚለው ሲወጣ፣ እፈርማለሁ። በስሜ።"

"እናቴ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ!"

"ሰዓቱ ላንተም ይሄዳል" አለችው። ደብተሯን ነካ አደረገች። "ነገ ይሄን ይዤ ትምህርት ቢሮ ስሄድ፣ ዛሬ የሄደው ሰዓትም አብሮኝ ይሄዳል። እሱንም እጽፈዋለሁ። ቁጥር መጻፍ እችላለሁ።"

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ኢቲዳል ክርኗን ጫነችበት። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ጠረጴዛው ስልክ ዞረ፤ እዚያም ላይ ሳያነሳው ቆመ።

ዐርዋ ከበሩ ገባች። "እማ" አለች በበርታኛ፣ "እኔ ልጻፍልሽ። እኔ እፈጥናለሁ።"

"አውቃለሁ ትፈጥኛለሽ። አጠገቤ ተቀመጪ። ስሳሳት ንገሪኝ።"

ዐርዋ ተቀመጠች። ብዙወርቅ በሩን ተደግፋ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ተማሪ "ሂድ፣ የነእገሌን እናት ጥራ፤ ቶሎ በል፣ በእግርህ፣ በስልክ አይደለም" እያለች ስም ትጠራለች።

ኢቲዳል እርሳሱን አጥብቃ ያዘች። መስመሩ ላይ ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን ቃል፣ እግሩንም አንገቱንም እኩል አድርጋ፣ ጻፈችው። "እኔ።"